በ31 ዓመቴ «እማማ» ተባልኩ

በ2005 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን የሰባት ዓመት ልጄን ይዤ ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። መቀመጫ አልነበረም። ረዳቱ ቆሜ አየኝና አንድ ጎረምሳ አስነሥቶ፣ «እማማ፣ እዚህ ይቀመጡ። የልጅ ልጅዎን ታቀፏት» አለኝ። ከልቡ አክብሮኝ ነው። ልጄ ቀና ብላ «እናቴ ናት» አለችው። እሱም ፈገግ አለ፤ በአያት ያደገ ልጅ አያቱን እናቴ ማለቱ በአገራችን የተለመደ ነው።

ያን ቀን 31 ዓመቴ ነበር።

አመስግኜው ተቀመጥኩ። ለማረም እንኳ አቅም አልነበረኝም። በመስኮቱ መስተዋት ፊቴን አየሁት። ቅንድቤ ከዳር ከዳሩ ሳስቷል። በከንፈሬና በዓይኔ ዙሪያ ቆዳዬ እንደ አሮጌ ብራና በደቃቁ ተሸብሽቧል። መልኬ ገርጥቶ ሰም መስሏል። ረዳቱ ያየውን ነው የተናገረው።

ያ ፊት ከየት እንደመጣ ለማወቅ ስምንት ዓመት ፈጅቶብኛል። በስምንቱ ዓመት ቡዳ በልቷታል ተባልኩ፣ ተረግማለች ተባልኩ፣ ደም ማነስ ነው፣ ጨጓራ ነው፣ ታይፎይድ ነው፣ ጭንቀት ነው ተባልኩ። ነገሩ በአንድ ሌሊት የተፈጸመ ነበር። በወሊድ ደም ሲፈሰኝ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለች ሽምብራ የምታክል እጢ ሞተችብኝ።

በእኛ አካባቢ የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ይወለዳል። እኔ ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህርት ነበርኩ፤ ጤና ጣቢያ መውለድ እንዳለብኝ አላጣሁትም። ሐሳቤ እናቴ ዘንድ ጥቂት ሰንብቼ፣ ቀኔ ሲቃረብ ወደ ከተማ ልመለስ ነበር። ምጡ ቀደመኝ። ኅዳር 1998 ዓ.ም.፣ ሌሊት፣ ከመኪና መንገድ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቅ ቤት ውስጥ፣ ሴቶቹ «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ልጄን ወለድኩ። ሴት ልጅ፣ ጤነኛ። እልል ተባለ።

የእንግዴ ልጁ ግን አልወጣም።

አዋላጇ የአካባቢውን ሕፃን ሁሉ የተቀበለች፣ እጇ የተባረከ ነው የሚባልላት ሴት ነበረች። ሆዴን አሸችኝ፣ አስማጠችኝ። ደሙ መጣ። መጀመሪያ ማንም አልደነገጠም፤ «ክፉ ደም ነው፣ ይውጣላት» ተባለ። ከሥሬ ያለው ገለባ ሲርስ ሌላ ገለባ ይደረባል፣ አመድ ይነሰነስበታል። ስንት እንደፈሰሰ ያየ የለም። መሬቱና አመዱ ጠጡት። ስለዚህ አመድ በኋላ እመለስበታለሁ።

ጆሮዬ መጮህ ጀመረ። እናቴ «ልጄን! ልጄን!» ስትል ከሩቅ እሰማታለሁ፤ እኔን ትሁን ሕፃኗን አልለየሁም። ከዚያ በረደኝ። ደጋ ነው ያደግሁት፣ የኅዳርን ውርጭ አውቀዋለሁ። ይሄኛው ግን ከአጥንቴ ውስጥ የሚነሣ ብርድ ነበር፤ ከዚያች ሌሊት በኋላም ለስምንት ዓመት አልለቀቀኝም።

ጎህ ሳይቀድ የመንደሩ ጎልማሶች ቃሬዛ ሠርተው እየተቀባበሉ ተሸከሙኝ። የመንገዱን ብዙ አላስታውስም። አስታውሳለሁ የምለው ከላዬ የነበረውን የኮከብ ብዛትና የአንዱን ተሸካሚ ትንፋሽ ነው። ጤና ጣቢያ ስንደርስ አንዲት ነርስ እጇን አስገብታ የእንግዴ ልጁን አወጣችው፣ መርፌ ወጋችኝ፣ በሁለቱም ክንዴ ግሉኮስ ሰካችልኝ። ስሟን ሳልጠይቅ መቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ በአይሱዙ ወደ ሆስፒታል ተወሰድኩ። ወንድሜና ባለቤቴ ደም ሰጡኝ። ሁለት ከረጢት።

ዳንኩ። ሊጠይቀኝ የመጣ ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለኝ። እውነት ነው፣ ምራኛለች። በዚያ ዓመት በወሊድ ደም የሞቱ ሴቶች እንደ እኔ የሚጽፉበት እጅ የላቸውም።

በሦስተኛው ቀን ጡቴ መሙላት ነበረበት። በአምስተኛውም፣ በስምንተኛውም ጠብ የሚል ነገር አልነበረም። እናቴ አጥሚቱን በአጃ፣ አብሹን በማር፣ ገንፎውን በቅቤ እያፈራረቀች አበላችኝ። ዶሮ ታረደ። ተልባ ተወቀጠ። ልጄ ጡቴን ይዛ ትስባለች፣ ትስባለች፣ ከዚያ ጥላው ታለቅሳለች። የጡቴ ጫፍ ቆስሎ ደም ሲወጣው እንኳ ወተት አልወጣም። ዓይን በልቷት ነው ተባለ፤ ጡቴ ላይ ክታብ ታሰረ። በመጨረሻ አራስ የነበረች የአጎቴ ሚስት የራሷን ልጅ በቀኝ፣ የእኔን በግራ አድርጋ አጠባችልኝ። እግዚአብሔር ይስጣት። ልጄ ዛሬም «እማዬ» የምትለው እሷን ነው፤ እኔን በስሜ ትጠራኛለች።

የወር አበባዬ አልተመለሰም። መጀመሪያ አራስ ስለሆንኩ ነው አልኩ። ዓመት ሲሞላ ጡት ሳላጠባ መቅረቱ ገረመኝ። በሁለተኛው ዓመት የብብቴ ፀጉር አልቆ ረገፈ፤ ሌላውም እንዲሁ። ለማን ይነገራል? የሚያሞቅ ልብስ ብደርብ አልሞቅም፣ ግን በአገሬ በመንዝ ማን አይበርደው! ሁሉም ጋቢውን ተከናንቦ ሲሄድ የእኔ ብርድ ከሰው ብርድ ተደባልቆ ጠፋ። ጠዋት ከአልጋ መነሣት ተራራ ሆነብኝ። ድምፄ ጎረነነ። ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዤ የምጽፈውን እረሳለሁ። ጾም ስጾም ዘጠኝ ሰዓት ሳይደርስ ላብ ያጠምቀኝና ዓይኔ ይጨልማል፤ ስኳር ያለው ሻይ ሲሰጡኝ እነቃለሁ።

በየክሊኒኩ ገባሁ። ለታይፎይድና ለታይፈስ ስንት ጊዜ እንደታከምኩ አልቆጠርኩትም። የደም ማነስ ክኒን፣ የጨጓራ ክኒን፣ ቪታሚን ሰጡኝ። አንዱ ባለሙያ «ጭንቀት ነው፣ ሌላ ልጅ ብትወልጂ ይተውሻል» አለኝ። ልጅማ እኔም እፈልግ ነበር! ስለ ትዳሬ ብዙ አልጽፍም። ባለቤቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዘመዶቹ መካን ሆናለች ሲሉት አምስት ዓመት ቻለ። በ2003 ተለያየን።

ጠበል ገባሁ። ጠበሉን አልወቅስም፤ በዚያ የምኖርባትን ተስፋ አግኝቻለሁና። በአራተኛው ቀን ወደቅኩ። ያጠምቁ የነበሩት አባት እጄን ጨብጠው ቅዝቃዜዬን ሲያዩ፣ «ልጄ፣ ሐኪምም የእግዚአብሔር ነው፤ ትልቅ ሐኪም ቤት ሂጂ» አሉኝ። አልሰማኋቸውም። ሄጄ ሄጄ የሰለቸኝ ሐኪም ቤት ነው ብዬ ነበር።

አንድ ነገር ልናዘዝ። በእነዚያ ዓመታት በየዓመቱ ለተማሪዎቼ ስለ ሆርሞን አስተምር ነበር። የጭንቅላት ሥዕል ጥቁር ሰሌዳው ላይ እሥላለሁ፤ ከአንጎል ሥር ጠብታ የመሰለች እጢ አንጠለጥላለሁ፤ ከጎኗ «ፒቱታሪ» ብዬ እጽፋለሁ። መጽሐፉ «ማስተር ግላንድ» ይላታል፤ እኔ «የእጢዎች አለቃ» እላታለሁ። ወተትን፣ የወር አበባን፣ እድገትን፣ የታይሮይድንና ከኩላሊት በላይ ያሉትን እጢዎች ሥራ የምታዝዝ እሷ ናት እያልኩ በጣቴ እየቆጠርኩ አስረዳለሁ። የራሴ ሕመም ዝርዝር በራሴ እጅ ሰሌዳው ላይ ተጽፎ ነበር። ጠመኔውን አራግፌ፣ ጋቢዬን ደርቤ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።

ሰኔ 2006 መጣ። በአንድ ከተማ አንድ የግል ክሊኒክ ደሜን መርምሮ የታይሮይድ ሆርሞኔ እጅግ ዝቅ ማለቱን አገኘ። ደስ አለኝ፤ በሽታዬ ስም አገኘ ማለት ነው። የታይሮይድ ክኒን ታዘዘልኝ። ሁለትና ሦስት ቀን የነቃሁ መሰለኝ። ከሳምንት በኋላ ማስመለስ ጀመረኝ። በዘጠነኛው ቀን የፈተና ወረቀት እያረምኩ ሳለ ከወንበሬ ወደቅኩ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ወንድሜ ነው የነገረኝ። ግፊቴ አልለካ አለ። ስኳሬ ወርዷል። የማወራው አይያያዝም፤ የሞተችውን አያቴን እጠራለሁ። በአምቡላንስ አዲስ አበባ ወሰደኝ። በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሌሊቱን የነበረች ወጣት ሐኪም መጣችና አልጋዬ ላይ ጎንበስ ብላ፣ «እናቴ፣ ምን ሆኑ? የት ያምዎታል?» አለችኝ። ከዚያ ካርዱን ገለጠች። ቆም አለች። ወንድሜን «ዕድሜያቸው ልክ ነው የተጻፈው?» ብላ ጠየቀችው። 32 ነበር። ልክ ነው አላት።

ሐኪሟ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ፊቴን እንደ ጽሑፍ አነበበችው። ብብቴን አየች። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ፤ እንደ እኩያዋ፣ እንደ እህቷ፣ «ስንት ልጅ አለሽ?» አለችኝ።

«አንድ።»

«ስትወልጂ ብዙ ደም ፈሶሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ጡትሽ ወተት ነበረው?»

ማልቀስ ጀመርኩ። በስምንት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ሐኪም አልነበረም። «የወር አበባሽስ ከዚያ ወዲህ መጥቷል?» ስትለኝ ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ። ወደ ነርሷ ዞራ «ሃይድሮኮርቲዞን፣ አሁን» አለች። የቀሩትን ውጤቶች አልጠበቀችም። መርፌው ከተሰጠኝ በኋላ፣ ጠዋት ላይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ራበኝ። እንጀራ ጠየቅኩ። ወንድሜ ከአልጋው ሥር ተንበርክኮ አለቀሰ።

የተፈጠረው ይህ ነው። ፒቱታሪዬ በመሞቷ ኮርቲሶል የሚባለው፣ ሰውን በጭንቅ ጊዜ የሚያቆመው ሆርሞን ለዓመታት አልነበረኝም። ሰውነቴ ሁሉ ነገሩን አቀዝቅዞ፣ እንደ ተዳፈነ ፍም ሆኖ ነው የኖረው። የታይሮይድ ክኒኑ እሳቱን አነደደው፤ ድስቱ ውስጥ ግን ውኃ አልነበረም። ክኒኑ መድኃኒት ነው፣ ዛሬም በየጠዋቱ እውጠዋለሁ። መቅደም የነበረበት ግን ኮርቲሶልን የሚተካው ሃይድሮኮርቲዞን ነው። የዚህ ቅደም ተከተል መዛባት ሊገድለኝ ምንም አልቀረውም።

የጭንቅላት ኤምአርአይ ተነሣሁ። ሐኪሟ ፊልሙን ወደ መብራቱ አንሥታ አሳየችኝ። ፒቱታሪ የምትቀመጥበት አጥንት እንደ በቅሎ ኮርቻ የጎደጎደ ነው። የእኔ ኮርቻ ባዶ ነበር። እጢዋ ኮስምና ከሥሩ እንደ ስስ ቅጠል ተለጥፋለች፤ የቀረው ውኃ ነው።

በሽታው ስም አለው፤ የሺሃን ሕመም ይባላል። ሃሮልድ ሺሃን እንግሊዛዊ የሬሳ መርማሪ ሐኪም ነበር። በስኮትላንድ ግላስጎ ከተማ በእናቶች ሆስፒታል በወሊድ የሞቱ ሴቶችን አስከሬን ሲመረምር፣ ከባድ ደም የፈሰሳቸው ሴቶች ፒቱታሪ ሞቶ ያገኘዋል። እ.ኤ.አ. በ1937 ጽፎ አወጣው። ከእርሱ በፊት በፖላንድ ግሊንስኪ በ1913፣ በጀርመን ሲመንድስ በ1914 የሞተውን እጢ አይተውታል፤ ነገሩን ከወሊድ ደም ጋር አጥብቆ ያሠረው ሺሃን ነው። ይህን ሳነብ ቀኖቹን ደጋግሜ ቆጠርኳቸው። እኔ ከመወለዴ ከ40 ዓመት በላይ ቀድሞ የታወቀ ነገር ነው።

ለምን ፒቱታሪ? ምክንያቱን የመስኖ አገር ሰው ቶሎ ይረዳዋል። በእርግዝና ጊዜ እጢዋ ለወተት እየተዘጋጀች፣ ፕሮላክቲን የሚያመነጩት ሴሎቿ እየበዙ ትፋፋለች። ደሟ ግን እንደ ልብ ወይም እንደ ኩላሊት ከትልቅ ቧንቧ በኃይል አይመጣላትም። የፊተኛው ክፍሏ የሚጠጣው አብዛኛው ደም አስቀድሞ ሃይፖታላመስ የሚባለውን የአንጎል ክፍል አጠጥቶ፣ በቀጫጭን ሥሮች ዝግ ብሎ የሚወርደውን ነው። የቦዩ መጨረሻ ላይ ያለች ማሳ ናት። ወንዙ ሲጎድል መጀመሪያ የምትደርቀው እሷ ናት፤ ያውም ቡቃያዋ በጣም በደረሰበትና ውኃ በምትሻበት ሰዓት። እኔ ገለባው ላይ ጆሮዬ ሲጮህ፣ ከአንጎሌ ሥር ያለችው ማሳ እየደረቀች ነበር።

ሐኪሟ ካሳየችኝ ውጤቶች አንዱን እስከ ዛሬ በቦርሳዬ ይዤው እዞራለሁ። ኤፍ ኤስ ኤች የሚባለው ሆርሞን ነው፤ ከፒቱታሪ ወጥቶ እንቁላል የሚያበስለው። ሴት ስታርጥ እንቁላሎቿ ያልቃሉ፤ ፒቱታሪ ግን መልስ ሲያጣ ዝም አይልም፤ አብዝቶ ይጣራል። ስለዚህ ባረጠች ሴት ደም ውስጥ ይህ ሆርሞን ብዙ እጥፍ ከፍ ይላል። እኔ የወር አበባዬ የጠፋ፣ ፊቴ የተሸበሸበ፣ «እማማ» የተባልኩ ሴት ነኝና አርጬ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ መጮህ ነበረበት። የእኔ ቁጥር ወደ ዜሮ የቀረበ ነበር። ሐኪሟ እንዲህ አለችኝ፦ «አላረጥሽም። እንቁላሎችሽ አሁንም አሉ። ጠሪያቸው ነው የሞተው።»

ይህን ቃል የሰማሁበትን ወንበር፣ የግድግዳውን ቀለም፣ ውጭ ይዘንብ የነበረውን ዝናብ አስታውሳለሁ። ስምንት ዓመት ያረጀሁ መስሎኝ ነበር። ያረጀሁት ትእዛዝ አጥቼ ነው።

ባዮሎጂ መምህርት ነኝና ያ ቁጥር እንዴት እንደተገኘ ሳላጠና አላረፍኩም። በአሜሪካ ሮዛሊን ያሎው ከባልደረባዋ ከሰሎሞን በርሰን ጋር በደም ውስጥ ያለን እጅግ ጥቂት ሆርሞን በጨረራማ ንጥረ ነገር የሚለካ ዘዴ ባታበጅ ኖሮ ደሜ ምንም አይናገርም ነበር። አንድሩ ሻሊ እና ሮዠ ጊየማን ደግሞ ሃይፖታላመስ ፒቱታሪን በምን ቃል እንደሚያዝዝ ለማወቅ ዓመታት ተፎካክረዋል። ሻሊ ከቄራ ከመቶ ሺህ በላይ የአሳማ አንጎል ቁራጭ፣ ጊየማን የበግ አንጎል በብዛት ሰብስበው ያገኙት ከጥቂት ሚሊግራም የማይበልጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የመራባትን ትእዛዝ የሚያስተላልፈው ሆርሞን የአሥር አሚኖ አሲድ ሰንሰለት መሆኑ ታወቀ። ያሎው፣ ሻሊና ጊየማን እ.ኤ.አ. በ1977 ኖቤልን ተካፈሉ። ያሎው በሕክምና ኖቤል ያገኘች ሁለተኛዋ ሴት ናት። ይህን ለተማሪዎቼ ሳስተምር አሁን ድምፄ ይለወጣል፤ ለምን እንደሆነ ያውቃሉ፣ ነግሬያቸዋለሁ።

አንድ ሌላ ታሪክ ደግሞ ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶኛል። ያረጠች ሴት ደም ውስጥ የሚበዛው ሆርሞን በሽንቷ ይወጣል። ጣሊያን ውስጥ ዶኒኒ የሚባል ኬሚስት ይህን ሆርሞን ከሽንት ለይቶ አወጣው። ለመድኃኒት የሚበቃ ሽንት ግን ከየት ይምጣ? በገዳማት የጡረታ ቤት ካሉ አረጋውያን ሴት መነኮሳት ተሰበሰበ። ፔርጎናል የተባለው መድኃኒት ከዚያ ተሠራ፤ እስራኤላዊው ሐኪም ብሩኖ ሉነንፌልድ ፒቱታሪዋ የማያዝዝላትን ሴት አከመበት፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ልጅ ተወለደ። ሳይወልዱ ያረጁ መነኮሳት ለማያውቋት ሴት ልጅ ሰጧት። መድኃኒቱ ለእኔም ይሠራ ነበር። ሐኪሟ ግን ዋጋውንና ክትትሉን ስትነግረኝ የመምህር ደሞዝ አይደርስበትም ነበር፤ ባልም አልነበረኝም። ይህ በር እንደተዘጋ ቀረ። ማንንም አልወቅስበትም፤ ግን አልረሳውም።

የተመለሰልኝን ልናገር። ጠዋት በኮርቲሶል ፈንታ ፕሬድኒሶሎን፣ ከዚያ የታይሮይድ ክኒን፣ አጥንቴ እንዳይሳሳ ኤስትሮጅን እወስዳለሁ። በሁለት ወር ውስጥ ድምፄ ተመለሰ። ብርዱ ለቀቀኝ። በቀጣዩ ዓመት ፋሲካ እናቴ ዘንድ ሄድኩ፤ ዳገቱን ወጥቼ ስደርስ እናቴ ግንባሬን በእጇ ጠርጋ እጇን አየችው። «ላብ!» አለች። «ልጄ፣ ወዛሽ ተመለሰ!» እናቴ ለስምንት ዓመት ያቺን ሌሊት በራሷ ላይ ስትቆጥር ኖራለች፤ ወደ ከተማ ቶሎ ብልካት፣ አዋላጇን ባልሰማ እያለች። እኔ አንድም ቀን አልወቀስኳትም። በዚያ ሰዓት የነበራትን ሁሉ አድርጋለች።

ፊቴ ላይ ካሉት ሽብሽቦች ጥቂቶቹ አልጠፉም። የብብቴ ፀጉር አልተመለሰም። ንስሐ አባቴ ጠዋት ፕሬድኒሶሎኑን ከምግብ ጋር እንድወስድ ፈቅደውልኛል፤ በጾም ቀንም ቢሆን። ትኩሳት ሲይዘኝ ፕሬድኒሶሎኑን እጥፍ አደርጋለሁ፤ ካስመለሰኝ ወደ ሐኪም ቤት እሮጣለሁ፤ ቦርሳዬ ውስጥ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ካርድ አለ። መድኃኒቱ ከፋርማሲ የጠፋባቸው ወራት ነበሩ፤ አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ በመንገደኛ ልካልኛለች። ውጭ አገር ዘመድ የሌላት ሴት ምን ታደርጋለች እያልኩ እጨነቃለሁ።

ልጄ 12 ዓመቷ ሳለ አንድ ማታ፣ «ያቺ እጢ የሞተችው በእኔ ምክንያት ነው?» አለችኝ። ከየት እንደሰማችው አላውቅም። እራት እየበላን ነበር። ትሪውን ገፋ አድርጌ በወረቀት ላይ ሣልኩላት፦ ማሕፀን፣ የእንግዴ ልጅ፣ ደም፣ ቦይ፣ ማሳ። የወጣሽው አንቺ ነሽ፣ ያልወጣው እሱ ነው አልኳት። ወረቀቱን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። ዛሬ ትልቅ ሴት ሆናለች፤ ወረቀቱ አሁንም አለ።

አሁን ወደ አመዱ ልመለስ። በወሊድ ጊዜ 500 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም መፍሰስ በብዙ አገር አደጋ ተብሎ ይቆጠራል። ችግሩ ዓይን ደምን አይለካም፤ አንሶላም፣ ገለባም፣ አመድም ይሰውሩታል። እ.ኤ.አ. በ2023 በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ 80 ሆስፒታሎች ከ200 ሺህ በላይ ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ታተመ። አዲስ ማሽን አልነበረውም። ከወላዷ ሥር የሚነጠፍ፣ የመለኪያ መስመር የታተመበት ፕላስቲክ ነው፤ ደሙ መስመሩን ሲነካ ማሸቱ፣ መርፌው፣ ፈሳሹና ምርመራው ባንድ ላይ ወዲያው ይጀመራል። ከባዱ የደም መፍሰስና ያመጣው መዘዝ በ60 በመቶ ቀነሰ። በፕላስቲክ ላይ የታተመ መስመር! ያን ጥናት ሳነብ የእናቴን ቤት ወለል ነው ያየሁት።

መርፌው ደግሞ ኦክሲቶሲን ነው፤ ሃይፖታላመስ ሠርቶት ከዚያችው ከፒቱታሪ የኋላ ክፍል የሚለቀቅ ሆርሞን። ሄንሪ ዴል የፒቱታሪ ጭማቂ ማሕፀንን እንደሚያኮማትር ያየው እ.ኤ.አ. በ1906 ነበር፤ ቪንሰንት ዱ ቪኞ በ1953 በላቦራቶሪ ሠራው። ልጅ እንደተወለደ 10 ዩኒት ሲወጋ ማሕፀን ይኮማተራል፣ ደም ይቆማል። የእጢዋ የራሷ ሆርሞን እጢዋን ሊያድናት ይችል ነበር።

በሕንድ ካሽሚር እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ ጥናት ከ20 ዓመት በላይ ከሆኑ የወለዱ ሴቶች 3 በመቶ ያህሉ ይህ ሕመም እንዳለባቸው ገምቷል፤ ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ ቤታቸው የወለዱ ናቸው። ይህን ቁጥር ሳስብ በየገበያው የማያቸው፣ ከዕድሜያቸው በላይ የጃጁ፣ በፀሐይ ጋቢ የሚከናነቡ፣ አንድ ልጅ ብቻ ያላቸው ሴቶች ፊት ይመጣብኛል። አንዳንዴ ጠጋ ብዬ እጠይቃለሁ። ሁለቱ እንደ እኔው ሆነው ተገኝተዋል። አንደኛዋ ከመመርመሯ በፊት የታይሮይድ ክኒን ልትጀምር ነበር።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ወልዳ ደም ፈሷት የተረፈች እናት፣ እህት፣ ሚስት ወይም ጎረቤት ካለቻችሁ ዛሬውኑ ጠይቁልኝ፦ ጡቷ ወተት ነበረው? የወር አበባዋ ተመልሷል? መልሱ «የለም» ከሆነ ወደ ሐኪም ውሰዷትና ደም የፈሰሳት በወሊድ መሆኑን ሳትጠየቁ ተናገሩ። የጠዋት ኮርቲሶሏ ይመርመርላት፤ ከታይሮይድ ክኒን በፊት።